ሬዲዮው «ባሕሩ ሞቀ» ይላል፤ ሰንዳፋ ላይ በልጉ ቀረ። ምን አገናኛቸው?

የሰንዳፋ ልጅ
ሚያዝያ 9፣ ከምሽቱ 2:15

ሰላም ለሁላችሁ። ሰንዳፋ ነው የምኖረው፤ ከተማውን ትንሽ ወጣ ብሎ። ከአባቴ ጋር ስንዴና ምስር እንዘራለን፤ ጓሮ ደግሞ ድንች አለን።

ዘንድሮ በልጉ እንደሌለ ነው። መጋቢት ላይ ሁለት ቀን አካፋና ጠፋ። አባቴ ትናንት ማሳው ላይ አንድ ጓል አንስቶ በእጁ ሊፈረክሰው ሞከረ። እምቢ አለው። «ይሄን በሬ እንዴት ይገለብጠዋል?» አለኝ።

ማታ ሬዲዮ ከፍተን አንድ ባለሙያ ሰማን። «የባሕር የሙቀት ማዕበል» አለ። ሕንድ ውቅያኖስ አለ፣ ፓስፊክ አለ። አባቴ ድምፁን ቀነሰና «ባሕሩ የት፣ እኛ የት?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አጣሁ።

የምታውቁ ካላችሁ በቀላል አማርኛ አስረዱኝ። ለእሱ ልነግረው ነው።

ባለ ምጣድ (ጣፎ)
ሚያዝያ 9፣ ከምሽቱ 2:40

እኔም ሰምቼዋለሁ ልጄ። ማዕበል ሲሉ ውሃው ተነስቶ ከተማ የሚበላ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። እንደሱ ነው እንዴ?

መምህር ከሱሉልታ
ሚያዝያ 9፣ ከምሽቱ 3:30

አይደለም እትዬ። ቃሉ ነው ያሳሳተን። ውሃው አይነሳም፤ የሚነሳው ሙቀቱ ነው።

አንድ የባሕር ክፍል ለዚያ ቦታና ለዚያ ወቅት ከለመደው በላይ ሲሞቅ፣ ሙቀቱም ቢያንስ አምስት ቀን ሳይለቅ ሲቆይ ነው እንዲህ የሚባለው። «ከለመደው በላይ» የሚለውም መለኪያ አለው። የብዙ ዓመታት መዝገብ ይወጣል። በዚያ ሰሞን የተለኩትን ሙቀቶች ከቀዝቃዛው ወደ ሞቃቱ ብትደረድሯቸው፣ ከመቶው ዘጠናውን የሚያልፍ መሆን አለበት። ስለዚህ በብርድ ወራትም ይከሰታል። ውሃው ስታዩት ሙቅ ላይመስል ይችላል፤ ለዚያ ወር ግን ትኩሳት ነው።

እንዴት ይመጣል? አንዳንዴ ነፋሱ ይቆማል። ነፋስ የላዩን ውሃ ከታችኛው ቀዝቃዛ ጋር የሚያማስል ነው። ማማሰሉ ሲቆም፣ ሰማዩም ጠርቶ ፀሐይ ሲበረታ፣ ላዩ ብቻውን ይግላል። አንዳንዴ ደግሞ ሙቅ ውሃ ከሌላ ቦታ በወራጅ ተገፍቶ ይመጣል።

ስያሜው የተለመደው እ.ኤ.አ. በ2011 ምዕራብ አውስትራሊያ ላይ ከደረሰው በኋላ ነው። እዚያ ኬልፕ የሚባል፣ ባሕር ውስጥ እንደ ደን የሚበቅል ተክል አለ። በዚያ አንድ ሰሞን 100 ኪሎ ሜትር ያህል የባሕር ዳርቻ ላይ ደኑ ጠፋ።

ከዚያ የከፋው በሰሜን ፓስፊክ እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2016 የቆየው ነው። ወፎች ዳርቻው ላይ ሞተው ይገኙ ጀመር። ሲታዩ ከሲታ ናቸው፤ ሆዳቸው ባዶ። ውሃው ሲሞቅ የሚበሉት ትናንሽ ዓሣ ተመናምኖ ነበር። አላስካ ላይ ከአንድ የወፍ ዝርያ ብቻ ወደ 4 ሚሊዮን እንዳለቀ በኋላ ተገመተ። እዚያ ከነበሩት ግማሹ ማለት ነው። ይሄንን ለተማሪዎቼ ስነግር ሁሌም ክፍሉ ፀጥ ይላል።

ባለ ምጣድ (ጣፎ)
ሚያዝያ 9፣ ከምሽቱ 3:52

አቤት ፈጣሪ፣ አራት ሚሊዮን!

ግን መምህር፣ ሞቀ የሚባለው ዓለም አይደለም እንዴ? አየሩ ማለቴ ነው። ባሕሩ ላይ ለምን ወደቀ?

መምህር ከሱሉልታ
ሚያዝያ 10፣ ከጠዋቱ 12:45

ጥሩ ጥያቄ ነው። ነዳጅና ድንጋይ ከሰል ሲቃጠል የሚወጣው ጋዝ መሬትን እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍናታል። ከዚያ የተነሳ ከሚጠራቀመው ትርፍ ሙቀት ከ90 በመቶ በላዩን የሚወስደው ውቅያኖስ ነው። እኛ አየር ላይ የምናማርረው ፍርፋሪውን ነው።

ውሃ ሙቀት የመያዝ አቅሙ ትልቅ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ፣ ያንኑ ያህል አየር ለማሞቅ ከሚያስፈልገው ከ3,000 እጥፍ በላይ ሙቀት ይፈልጋል። ከባሕሩ ላይ 3 ሜትር ያህል ብቻ ብትገፉ፣ ያ ስስ ውሃ ከኛ በላይ እስከ ሰማይ ያለው አየር በሙሉ የሚይዘውን ያህል ሙቀት ይይዛል።

ባለ ምጣድ (ጣፎ)
ሚያዝያ 10፣ ከጠዋቱ 1:20

አሁን ገባኝ። ምጣዴ ማለት ነው።

እኔ በቀን ሁለት ዙር እጋግራለሁ። መጀመሪያ ስሰካው ምጣዱ ቶሎ አይግልም፤ ያስጠብቀኛል። ሊጡን አዘጋጅቼ፣ ማሰሻዬን አቅርቤ፣ አሁንም ገና ነው። አንዴ ከጋለ ግን ሌላ ነገር ነው። ሊጡ ሊያልቅ ሁለት እንጀራ ሲቀረኝ ሶኬቱን እነቅለዋለሁ። ሁለቱንም በያዘው ግለት አወጣቸዋለሁ። ዓይን በዓይን ነው የሚወጣው። ከዚያም በኋላ እጅ አያስነካም።

ባሕሩም እንዲህ ከሆነ እሳቱ ዛሬ ቢጠፋ እንኳ ገና ይጋግራል ማለት ነው። ልክ ነኝ?

መምህር ከሱሉልታ
ሚያዝያ 10፣ ከጠዋቱ 1:31

ልክ ነዎት። ነገ ክፍል ውስጥ እርስዎን ጠቅሼ ነው የማስተምረው። ምጣዱ ላይ የምጨምረው አንድ ነገር ነው፤ ሶኬቱ ገና አልተነቀለም።

ኮዬ 4ኛ ፎቅ
ሚያዝያ 10፣ ከቀኑ 6:10

እኔ ገበሬ አይደለሁም፤ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነኝ። ግን ነገሩ የሰንዳፋው ልጅ ብቻ አይደለም። የለገዳዲ ግድብ ሰንዳፋ መንገድ ላይ ነው ያለው። አዲስ አበባ የምትጠጣው ከዚያ ነው፣ ከድሬ ነው፣ ከገፈርሳ ነው፤ የቀረው የጉድጓድ ውሃ ነው። ግድቦቹን የሚሞላው ክረምቱ ነው።

እኛ ጋ ውሃ በፈረቃ ነው። ተራችን ሌሊት ከደረሰ ልጄን ቀስቅሼ ጀሪካን እናሰልፋለን። አራት ፎቅ። ያ ዝናብ ባሕር ላይ ተወስኖ የሚመጣ ከሆነ እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ። መምህር፣ ዝናቡ በትክክል የሚመጣው ከየት ነው?

ቱሉ ዲምቱ
ሚያዝያ 10፣ ከቀኑ 7:02

በአክብሮት ልቃወም። ፓስፊክ ሲሞቅ የሚመጣው ኤል ኒኞ እኮ ዛሬ አልመጣም። አያቶቻችንም ድርቅ አይተዋል። የ77ቱን ማን ይረሳዋል? ያን ጊዜ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ማን ያወራ ነበር? ድርቁ ላይ ደግሞ ጦርነቱና የነበረው አስተዳደር ተጨምሮበት ነው ሕዝብ ያለቀው። ሁሉን ነገር ለባሕር ከሰጠን የሰው ጥፋት ተሸፍኖ ይቀራል።

መምህር ከሱሉልታ
ሚያዝያ 10፣ ከምሽቱ 1:15

ለሁለታችሁም ልመልስ።

ዝናቡ። የበልግ እርጥበት በብዛት የሚመጣው ከሕንድ ውቅያኖስና ከአረብ ባሕር በኩል ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ከምዕራብ፣ ከአትላንቲክና ከኮንጎ ደን በኩልም ይገባል። ስለዚህ ባሕር የለንም ማለት የምንችለው ወደብ ስንል ነው። ሰማያችን ላይ አለን።

ባሕሩ ሲሞቅ ዝናብ ይጨምራል ብላችሁ ግን አትቸኩሉ። የሞቀው ቦታ ይወስነዋል። ሙቅ ውሃ ላይ አየሩ ይነሳል፤ ደመናው እዚያው ይሠራል፤ ዝናቡም እዚያው ይወርዳል። የተነሳ አየር ደግሞ ሌላ ቦታ መውረድ አለበት። የወረደበት ቦታ ሰማዩ ይጠራል፣ ዝናብ ይቀራል። ሚዛን ነው። መካከለኛውና ምሥራቁ ፓስፊክ ሲሞቅ ኤል ኒኞ እንለዋለን፤ የሰሜንና የመካከለኛው ኢትዮጵያ ክረምት አብዛኛውን ጊዜ ይሳሳል። በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. ያየነው ይሄንን ነው። ያን ጊዜ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ ፈልጓል። በተቃራኒው ያው ባሕር ሲቀዘቅዝ፣ ላ ኒኛ ሲሆን ክረምቱ ደህና ሊሆን ይችላል፣ ቦረናና ሶማሌ ግን ይደርቃሉ። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ቀረባቸው። የቦረና ከብት ያለቀው በዚያ ነው።

ቱሉ ዲምቱ፣ ስለ 77ቱ ያልከው እውነት ነው። ድርቅን ረሀብ የሚያደርገው ሰው ነው። ኤል ኒኞም ድሮ የነበረ ነው፤ በዚህ አንጣላም። ለውጡ የሚነሳበት ወለል ላይ ነው። ልጅህ መሬት ላይ ቆሞ መደርደሪያው ላይ ያለውን ማር አይደርስበትም። ዱካ ላይ አቁመው፤ በዚያው ቁመቱ ያወርደዋል። ኤል ኒኞ ልጁ ነው። እኛ ያመጣነው ሙቀት ዱካው ነው። ከ1980ዎቹ ወዲህ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ የባሕር የሙቀት ማዕበሎች ቁጥር በእጥፍ ገደማ ጨምሯል። የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ባለሙያዎች ቡድን እንዳስቀመጠው፣ እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2015 ከታዩት ውስጥ ከ84 እስከ 90 በመቶው የሰው ልጅ ባመጣው ሙቀት የተነሱ ናቸው።

ቱሉ ዲምቱ
ሚያዝያ 10፣ ከምሽቱ 1:40

የዱካው ነገር ገብቶኛል። አመሰግናለሁ መምህር። የቦረናውን ግን ከባሕር ጋር አገናኝቼው አላውቅም ነበር።

የጅቡቲ መስመር
ሚያዝያ 10፣ ከምሽቱ 4:05

ሹፌር ነኝ፤ ቤቴ ዱከም ነው። ጅቡቲ ስመላለስ 11 ዓመት ሆነኝ።

ሐምሌ ላይ እዚያ ተሰልፈህ ስትጠብቅ ጋቢና ውስጥ መተኛት አይታሰብም። ከመኪናው ሥር ካርቶን አንጥፈን ነው የምንተኛው። ድሮ ሲመሽ ወደ ባሕሩ ወርደን እንታጠብ ነበር፤ ነፍስ ይመልሳል። አምና ሐምሌ ከረዳቴ ጋር ወረድን። እግሬን ሳስገባ ሰው የሞላው የፍል ውሃ ገንዳ ነው የመሰለኝ። ምንም አይቀዘቅዝም። ረዳቴ «ማን አሞቀው?» አለኝ፣ ልጅ ነው።

አንድ ዓሣ የሚያጠምድ አፋር ወዳጅ አለኝ። ሙቀቱ ሲበረታ ዓሣው ወደ ጥልቁ ይወርዳል፣ በትንሽ ጀልባ አንደርስበትም ይላል። የእሱ በልግም እንደ ሰንዳፋው ቀረ ማለት ነው።

የቀድሞ ባሕር ኃይል (ገላን)
ሚያዝያ 11፣ ከጠዋቱ 3:20

ልጆች፣ እንደምን አደራችሁ። የልጅ ልጄ ናት ያሳየችኝ። እኔ እየተናገርኩ እሷ ትጽፋለች።

ባሕር ኃይል ነበርኩ። ምፅዋም አሰብም ኖሬያለሁ። ያን ውሃ አውቀዋለሁ። ቀይ ባሕር ድሮም ሙቅ ነው፤ በሐምሌና ነሐሴ ከ30 ዲግሪ ያልፋል። እና ሹፌሩ የሚለውን ስሰማ «ከዚያም በላይ?» ብዬ ገረመኝ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዳህላክ ደሴቶች አጠገብ ጀልባ አቁመን ጎንበስ ስንል ኮራሉ ይታይ ነበር። ከሩቅ ድንጋይ ይመስላል። ድንጋይ አይደለም፤ ነፍስ ያለው ነገር ነው። አንዱ እንደ አበባ ጎመን፣ አንዱ እንደ አጋዘን ቀንድ፣ አንዱ እንደ ሰው አንጎል የተጠቀለለ። ቢጫው፣ ሐምራዊው፣ ቡናማው። መሐሉ ላይ ጣት የምታህል ሰማያዊ ዓሣ ትገባለች፣ ትወጣለች። ከደጋ የመጣሁ ልጅ ነበርኩ። የመጀመሪያ ቀን አለቃዬ ሁለቴ ጠርቶኝ አልሰማሁትም።

በቅርቡ ቴሌቪዥን ላይ ኮራል ነጭ ሆኖ አየሁ። እንደ አመድ። የልጅ ልጄን «ይሄ ምንድነው?» ስላት ሙቀት ነው አለችኝ። መምህር፣ ቀለሙ የት ሄደ?

መምህር ከሱሉልታ
ሚያዝያ 11፣ ከቀኑ 9:00

ጋሼ፣ ስለጻፉልን እግዜር ይስጥልን።

ቀለሙ በአብዛኛው የኮራሉ የራሱ አይደለም። አካሉ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ተክሎች ተጠግተው ይኖራሉ። እነሱ ከፀሐይ ምግብ ይሠራሉ፣ ለኮራሉም ያካፍላሉ፤ እሱ መጠለያ ይሰጣቸዋል። ውሃው ከበጋው ከፍተኛ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ብቻ አልፎ ለሳምንታት ሲቆይ ስምምነታቸው ይፈርሳል። ኮራሉ ያስወጣቸዋል። ነጩ አጽሙ ነው፤ በላዩ ላይ ያለው ሥጋ መስታወት ሆኖ አጽሙ ይታያል። ወዲያው አይሞትም። ሙቀቱ ቶሎ ካለፈ ተክሎቹ ይመለሱለታል። ከቆየ በረሀብ ይሞታል።

እ.ኤ.አ. ከ2023 መጀመሪያ አንስቶ በነበረው ጊዜ ከዓለም ኮራል ያለበት ስፍራ 84 በመቶው ኮራልን በሚያነጣ ሙቀት ተመትቷል። እስከ ዛሬ ከታዩት ሁሉ ሰፊው ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ፍሎሪዳ ላይ ጥልቀት በሌለው የባሕር ሰላጤ አንድ መለኪያ 38.4 ዲግሪ አሳይቷል። የእኛ ሰውነት 37 ነው።

ደስ የሚል ነገርም ልንገርዎት። የቀይ ባሕር ኮራል ከሌላው ይልቅ ሙቀት ይችላል፣ በተለይ የሰሜኑ። ቅድመ አያቶቹ የገቡት በባብ ኤል መንደብ፣ በቀይ ባሕር ደቡባዊ በር በኩል፣ በዚያ በሚፋጀው ደቡብ አልፈው ነው። ሙቀቱን ያልቻለው እዚያው ቀርቷል። የቻለው ነው ወደ ሰሜን የወጣው።

የቀድሞ ባሕር ኃይል (ገላን)
ሚያዝያ 11፣ ከቀኑ 9:25

በዚያ በር ስንት ጊዜ አልፌያለሁ። እነሱም አልፈውበታል ለካ።

ካራ
ሚያዝያ 11፣ ከምሽቱ 2:30

እኔ የራያ ልጅ ነኝ፤ የምኖረው ካራ ነው። ጥቅምት 2013 አጎቴ ጋ ነበርኩ። ማሽላው ደርሷል፤ ለአጨዳ ሳምንት ቢቀረው ነው። ከምሥራቅ የአቧራ ደመና የመሰለ ነገር መጣ። አንበጣ። ሴቶቹ ቆርቆሮ ይደበድባሉ፣ ልጆች ጅራፍ ያጮሃሉ፣ አጎቴ ጋቢውን አውልቆ ያራግባል። ማታ ላይ የቀረው አገዳው ነው። ሲበሉ ድምፅ አለው። ደረቅ ቅጠል ላይ ዝናብ ሲያካፋ ይመስላል። ዛሬም ካፊያ ስሰማ እሱ ነው ትዝ የሚለኝ።

በኋላ ሳነብ ነው መነሻውን ያወቅሁት። እ.ኤ.አ. በ2018 ከአረብ ባሕር ሁለት ከባድ አውሎ ነፋሶች፣ መኩኑና ሉባን፣ ተነስተው የዓረብን በረሃ በዝናብ አጥለቀለቁት። ሰው በሌለበት አሸዋ መሐል ውሃ ተኛ፣ ሣር በቀለ፣ አንበጣው ማንም ሳያየው ተራባ። ከዚያ የመን፣ ሶማሊያ፣ እኛ። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ደግሞ የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራቡ፣ ማለት ወደኛ ያለው፣ ከምሥራቁ አብልጦ ሞቀ። ምሥራቅ አፍሪካ ላይ ዝናብ ወረደ፤ አንበጣው እንደገና ለምለም አገኘ። አውሎ ነፋስ ጉልበቱ ከሙቅ ውሃ ነው። የሰንዳፋው አባት «ባሕሩ የት፣ እኛ የት?» ላሉት የአጎቴን ማሽላ ንገርልኝ።

ቡራዩ
ሚያዝያ 11፣ ከምሽቱ 3:10

አንድ ነገር ያበሳጨኛል፤ ልናገረው። አፍሪካ በሙሉ የምትለቀው ጋዝ ከዓለም 4 በመቶ ገደማ ነው። የካራው አጎት መኪና የላቸውም። የሰንዳፋው አባት የሚያርሱት በበሬ ነው። ዕዳውን የሚከፍሉት ግን እነሱ ናቸው። ያቃጠለው ሌላ፣ የሚቃጠለው ሌላ። ይሄ በየስብሰባው ጮክ ተብሎ መነገር አለበት፤ ዝም ካልን ማንም አይነግርልንም።

ኮዬ 4ኛ ፎቅ
ሚያዝያ 11፣ ከምሽቱ 3:22

እውነት ነው። መባል ያለበት ነው።

የሰንዳፋ ልጅ
ሚያዝያ 12፣ ከጠዋቱ 2:00

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ እሳት ዳር ቁጭ ብለን ለአባቴ አነበብኩለት። ምጣዱ ላይ እናቴ ሳቀች፣ «እውነቷን ነው» አለች። ስለ ወፎቹ ሁለት ጊዜ አስነበበኝ። የጋሼን ኮራል ስነግረው ዓይኑን ጨፍኖ ነው ያዳመጠኝ። አባቴ ባሕር አይቶ አያውቅም።

ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «ይሁን፤ ባሕሩ ሞቋል። እኔ ታዲያ ሰኔ ላይ ምን ልዝራ?»

መምህር ከሱሉልታ
ሚያዝያ 12፣ ከቀኑ 8:40

የአባትህ ጥያቄ ከሁላችንም ይበልጣል። የምችለውን ልበል።

ባሕር ቀስ ብሎ የሚሞቅ ነገር ስለሆነ ቀስ ብሎም ይናገራል። ዛሬ የሞቀ ውቅያኖስ ከሁለት ከሦስት ወር በኋላም አብዛኛውን ጊዜ ሙቅ ነው። ስለዚህ ክረምቱን ከወዲሁ መገመት ይቻላል። የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ለበልግ፣ ለክረምትና ለበጋ ትንበያ የሚያወጣው የውቅያኖሶቹን ሙቀት አይቶ ነው።

ሲወጣ አነባበቡን ልብ በሉ። «ይዘንባል» ወይም «አይዘንብም» አይልም። ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች ብሎ ለየአካባቢው ዕድሉን በመቶኛ ያስቀምጣል። ሦስቱ እኩል ቢሆኑ እያንዳንዳቸው 33 ገደማ ናቸው። ለእናንተ አካባቢ «ከመደበኛ በታች» የሚለው 45 ቢሆን፣ ደረቅ የመሆን ዕድሉ ከወትሮው ሰፍቷል ማለት ነው። አልተቆረጠም። 45 ሲሉ ሰምተው «ድርቅ ነው» ብለው ዘራቸውን የሸጡ ሰዎች አውቃለሁ፤ ክረምቱ ደህና ሆኖ ተቆጩ።

እንዲህ ከሆነ በአባትህ ቦታ ብሆን የማደርገው፦ ዘሩን በአንድ ቀን አልጨርስም። ቶሎ የሚደርሰውን በአንድ በኩል፣ የለመዱትን በሌላ በኩል። የተወሰነ ዘር ጎተራ አስቀርቼ፣ ዝናቡ ዘግይቶ ከገባ ምስሩን ወይም ጓያውን በኋላ እዘራለሁ። ውሃ የሚያቁር ጉድጓድ ከተቻለ ከአሁኑ መቆፈር ነው፤ መሬቱ ደረቅ ሳለ ይከብዳል፣ ግን ጊዜው አሁን ነው። የቀበሌያችሁን የግብርና ባለሙያም አማክሩ፤ አፈሩን እሱ ያውቀዋል።

የክረምቱ ትንበያ ሲወጣ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።

የጅቡቲ መስመር
ሚያዝያ 12፣ ከምሽቱ 1:05

የጉድጓድ ፕላስቲክ የሚባለውን ወፍራሙን ሸራ ከፈለጋችሁ አዳማ ላይ ዋጋ እጠይቅላችኋለሁ። ሐሙስ በዚያ አልፋለሁ።

የሰንዳፋ ልጅ
ሚያዝያ 14፣ ከምሽቱ 2:20

ዛሬ ከድንቹ ማሳ በታች፣ ጎርፍ የሚወርድበት ቦታ ላይ ቁፋሮ ጀመርን። እኔ፣ አባቴና ሁለት ጎረቤት። እስከ ጉልበት ድረስ መሬቱ ብረት ነው፤ ዶማው ይነጥራል። ከዚያ በታች ግን ጥቁሩ አፈር ትንሽ እርጥበት ይዞ አገኘነው። አባቴ ጭብጥ አድርጎ ጨመቀው፤ የጣቱ ምልክት ቀረበት። ለረጅም ጊዜ ይዞት ቆመ።

የሸራው ልክ 6 በ8 ሜትር ነው። ሐሙስ ከቻልክ ጠይቅልን። ጋሼ፣ አባቴ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለው፦ ባሕር ላይ ዝናብ ሲዘንብ ድምፁ እንዴት ነው?

የቀድሞ ባሕር ኃይል (ገላን)
ሚያዝያ 14፣ ከምሽቱ 3:00

ለአባትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ቆርቆሮ የለም፣ ቅጠል የለም። ውሃ በውሃ ላይ ነው የሚወድቀው። ጤፍ ሰፌድ ላይ ሲንገዋለል ይመስላል።